ቢጫው ከሥራ የቀረ ዕለት

ሚጣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ቤተሰቡ ውስጥ ግን አሁንም ሚጣ ናት። መነጽር ቤት ሌንስ ስትሞርድ የሚያዩዋት ደንበኞች አንቱ ይሏታል፤ አለቃዋም ቢሆን ሲያዛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የአባቷን ሃምሳ አራት ደረጃ ወጥታ በሩን ስታንኳኳ ያ ሁሉ ክብር ታች ይቀራል። "ሚጣ ናት" ይላል ከውስጥ አንዱ፤ "ክፈቱላት" የሚል የለም፤ ቁልፍ አላትና።

የዚያን እሁድ ከሰዓት ደረጃውን የወጣችው ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ይዛ ነው። ደብዳቤው ከመጣ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። በአውቶቡስ የዐሥር ሰዓት መንገድ የሚርቅ ሰው ሠራሽ ዓይን የሚሠራ ወርክሾፕ፣ ሁለት ዓመት እያስተማረ ሊያሠራት ፈቅዷል። አንድ ዓይኑን ላጣ ሰው ከደህናው ዓይኑ የማይለይ ሌላ ዓይን በእጅ መሥራት፤ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ፣ ቀያዮቹን የደም ሥሮች ደግሞ በሐር ክር። ሚጣ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌንስ ስትሞርድ የኖረችው ይህንን ስትጠብቅ እንደነበረ የገባት ደብዳቤውን ስታነብ ነው። መልሱን እስከ ነገ ሰኞ ይፈልጉታል። ደብዳቤው በደረሳት በሦስተኛው ቀን ግን አባቷ ደረጃው ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈሰችም።

የእሁዱ ስብሰባም የተጠራው በዚሁ በዳሌው የተነሳ ነው። ሐኪሙ ብቻውን መኖርም ደረጃ መውጣትም ቀርቷል ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። "አባባ የት ይኑር የሚለውን እንወስን" ተባብለው ሦስቱ ልጆች ተጠራሩ። እንወስን ይባል እንጂ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። እህቷ ባልና መድኃኒት ቤት አላት። ሚጣ ደግሞ ምድር ቤት ሁለት ክፍል፣ አንድ ድመት፣ እና ሁሉም አጥብቀው እንደሚያምኑት፣ ተቆጥሮ የማያልቅ ትርፍ ጊዜ አላት።

ታላቅ ወንድሟን ጋሼ ትለዋለች። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ፊት ቆሞ ሲናገር ሃያ ዓመት ስለሞላው ሁለት ሰው አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ካየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እህቷን እትዬ ትላታለች፤ ፋርማሲስት ናት። ይህን ከምግብ በፊት፣ ያንን ከምግብ በኋላ ማለት ስለለመደባት ስብሰባውንም ከሳቅ በኋላ እንዲሆን አዘዘች።

"ልጆች ሆነን የምናየውን የአምስቱን ጀግኖች ፊልም ታስታውሳላችሁ አይደል?" አለች ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ እየከፈተች። "በሱ ላይ የሚቀልድ አኒሜ፣ ያው የጃፓን ካርቱን፣ ወጥቷል። አንድ ክፍል አይተን እንሳቅና ከዚያ ቁም ነገራችንን እናወራለን።"

ጋሼ ሰዓቱን አየ። "ስንት ደቂቃ ነው?"

"ሃያ አራት። መፈክሩ ሲቀነስ ሃያ።"

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በጃፓኖቹ ፊልም ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ፤ አንድ ዓይነት ጠባብ ልብስ ይለብሱና በቀለም ብቻ ይለያያሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ። ጭራቅ ከተማውን ሊያፈርስ ሲመጣ ተራ በተራ ቀለማቸውን እንደ መፈክር በጩኸት ይናገራሉ፣ እጅና እግራቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፣ ከኋላቸው ባለቀለም ጭስ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ጭራቁ ቆሞ ይጠብቃል። ለምን እንደሚጠብቅ ልጅ ሆኖ የጠየቀ የለም።

እዚህ ቤት ደግሞ ልጆቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ጋሼ ቀይ ፎጣ ቀድሞ ስላገኘ ቀይ ሆነ፤ ቀይ መሪ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከመሪነቱ አልወረደም። እትዬ ሰማያዊ ሻርፕ ነበራትና እቅድ የምታወጣዋ ሰማያዊ ሆነች። ለሚጣ የተረፈላት ቢጫ የአቧራ ጨርቅ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቢጫው ወፍራም፣ ሆዱን ወዳድ፣ ዕቃ ተሸካሚና መሳቂያ ነበር፤ ሚጣ ያኔ እንኳን ልትወፍር ነፋስ የሚወስዳት ልጅ ብትሆንም መሸከሙ ለሷ ደረሳት። የሮዝን ቦታ የያዘችው ትራስ ነበረች። የአረንጓዴን ደግሞ ባልዲ። ሁለቱንም ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የምታመጣቸው፣ ውጊያው ሲያልቅም የምትመልሳቸው ቢጫ ናት። አሰላለፉ ላይ ትራሷ ከሷ ፊት ትቆም ነበር። ጭራቁ አባባ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ይውልና ቤቱ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይገደላል።

ጨዋታው ካበቃ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ የቀለሙ ነገር ግን አላበቃም። ሠርግ ሲኖር ጋሼ ንግግር ያደርጋል፣ እትዬ ዝርዝር ታወጣለች፣ ሚጣ ወንበር ትደረድራለች። እናታቸው ስትሞትም ጋሼ እንግዳ ተቀበለ፣ እትዬ ለማን ለማን እንደሚደወል ጻፈች፣ የሟችን ቀሚሶች አንድ በአንድ አጥፋ ካርቶን ውስጥ ያስገባችው ሚጣ ናት። ያዘዛት የለም። እምቢም አላለችም። እነሱም ክፉ ሆነው አይደለም፤ ነገሩ ሁልጊዜ ተሠርቶ ስለሚያገኙት ሠሪ ያለው አይመስላቸውም ነበር።

ፊልሙ ጀመረ። አባባ ትልቁ ወንበር ላይ በሁለት ትራስ ተደግፎ፣ ባለአራት እግር መደገፊያውን አጠገቡ አቁሞ ይመለከታል። በዚህኛው ፊልም አምስቱ ጀግኖች ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ሲገቡ ይፈርማሉ። ቀዩን ወገቡን ያመዋል፤ ሮዟ የልብሷ ዚፕ አልዘጋ ብሏት በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ሦስት ራስ ያለው እንሽላሊት ከተማውን ሊያፈርስ መጣና ጀግኖቹ መፈክራቸውን ሲጀምሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይሞርድ ጀመር።

"ይሄስ ጨዋ ጭራቅ ነው" አለ አባባ።

"አንተም እኮ ትጠብቀን ነበር" አለች እትዬ።

"እኔማ ቆሜ እንቅልፌን እየወሰድኩ ነበር።"

እንሽላሊቱ ተመቶ ሲወድቅ አባባ ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ይሄ አወዳደቅ ነው? መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ትከሻ። እንዲህ በጀርባው የሚዘረር ጭራቅ በማግስቱ ሥራ አይገባም።"

"ታዲያ ደረጃው ላይ ስትወድቅ ጉልበትህን ምነው አላስቀደምክ?"

"ሳልዘጋጅ ነዋ። ቀለሙን የነገረኝ የለም።"

ሚጣም ከልቧ ሳቀች። በዚህ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይህን ሰው አጥባዋለች፣ አልብሳዋለች፣ በሌሊት ልብሱ ኮሪደሩ ላይ እርምጃውን እየቆጠረች አራምዳዋለች፤ ቀልዱ ግን እንደ ድሮው ነው። አምስቱ መኪኖች ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ሮቦት ሲሆኑ ደግሞ ጭራሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ መጣ። "አምስት መሪ ያለው መኪና። ፍሬኑ ማን ጋ ነው ያለው? መንገደኛ ቢገባባቸው ማን ይጠየቃል?" ጋሼ እንኳ ሰዓቱን ማየት ተወ።

እዚህ ላይ ፊልሙ ዞር አለ። በማግስቱ ሌላ ጭራቅ ይመጣል፤ ቢጫው ግን ሥራ አልገባም። አራቱ ትንሽ ተያዩና "ያለሱም ይሆናል" ተባባሉ። ሄደው ተሰለፉ፣ ቀለማቸውን ጮኸው ተናገሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ከኋላቸው ምንም የለም። ወፍ ጮኸ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው ጮኹ። አሁንም ምንም የለም። ጭራቁ በትሕትና ጉሮሮውን ጠርጎ "ይቅርታ፣ ከኋላችሁ የሚፈነዳው ነገር አልፈነዳም" አላቸው።

ጋሼ ሳቁን ለቀቀው። እትዬ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

አራቱ ጀግኖች ዘወር ብለው ጉብታው ጀርባ ሄዱ። በመስመር የተቆፈሩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ሽቦ አለ፤ የቀለም ዱቄት በየቆርቆሮው አለ፤ አንድ ያረጀ ደብተር አለ። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ጭሱን የሚቀብረው ቢጫው ኖሯል። እነሱ የሚመስላቸው መፈክራቸው ያመጣው ነበር። ደብተሩ ውስጥ የየዕለቱ ነፋስ ከየት እንደነፈሰ ተጽፏል። "ቀዩ ዛሬ አሳለው፤ ከነገ ጀምሮ የሱን ጭስ ልቀንስ" ይላል አንዱ ገጽ። "ሮዟ ፍንዳታ ትፈራለችና የሷን ራቅ አድርጌ ቀብሬዋለሁ" ይላል ሌላው።

አሁን ሳሎኑ ውስጥ ሳቁ ረገብ አለ። ሚጣ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

ቢጫውን ፍለጋ ወጡ። ታሞ መስሏቸው ሆስፒታል ሄዱ፤ ጠላት ወስዶት መስሏቸው ዋሻ ለዋሻ ተንከራተቱ። ያገኙት የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት መሃል መንሳፈፍ ሲማር። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ምንም አልሆንኩም አለ። አኩርፈኸን ነው ሲሉት አላኮረፍኩም አለ። "ዋና መማር እፈልግ ነበር" አላቸው፤ "ትምህርቱ የሚሰጠው ጠዋት ብቻ ነው።" ቀዩ ትንሽ አሰበና በሙሉ ቅንነት "ታዲያ ጭሱን ማን ይቅበረው?" ብሎ ጠየቀው።

ጋሼ ጉልበቱን መታ። "ይሄ ቀይ ግን እንዴት ያለ ደደብ ነው። የኛዋ ቢጫ ብትሆን እኮ እንዲህ አታደርገንም፣ አይደል ሚጣ?"

በፍቅር ነው ያለው። ትከሻዋንም ቸብ አደረጋት። ሚጣ ብርጭቆውን አስቀምጣ እጇን ዘረጋችና ፊልሙን አቆመችው፤ ማያው ላይ የፊልሙ ቀይ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ላደርጋችሁ ነው ጋሼ" አለች።

"ምን?"

"ልሄድ ነው። ሁለት ዓመት ነው። ሰው ሠራሽ ዓይን የሚሠሩበት ቦታ ተቀብለውኛል፤ የዐሥር ሰዓት መንገድ ነው። ነገ እሺ ብዬ ልጽፍላቸው ነው። አባባን እኔ ጋ ልወስደው አልችልም።"

ይህን ንግግር ስድስት ሳምንት ሙሉ ሌንስ እየሞረደች ተለማምዳዋለች። በልምምዱ ላይ ረጅም ነበር፤ ምክንያትም ይቅርታም ነበረበት። ሲወጣ ግን ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተረፋትም። ወንድሟንና እህቷን ማየት አላቃታትም፤ አባቷን ግን ማየት አልቻለችም።

"ይሄ እኮ አጀንዳ ላይ አልነበረም" አለ ጋሼ።

"መቼ ነው የነገሩሽ?" አለች እትዬ።

"ስድስት ሳምንት ይሆነዋል።"

"ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ? ለኔ እንኳን?"

"ሳልነግራችሁ አባባ ወደቀ።"

ጋሼ ተነሳ፣ ቀጥሎም የሚቆምበት ሰልፍ እንደሌለ ያስታወሰ ይመስል መልሶ ተቀመጠ። "ጥሩ ነው። ጥሩ ዕድል ነው፤ አልቃወምም። ግን በሥርዓቱ እናስብበት። አባባስ? ማን ያጥበዋል? መድኃኒቱን፣ ማታ ማታ መነሳቱን፣ ይሄን ሁሉ ማን ያውቃል?"

ከሚጣ ቀድሞ የተናገረው አባባ ነው።

"እስካሁን እኔን የጠየቀኝ አለ?"

ሦስቱም ዞሩ።

"ስብሰባ ተጠርቶ መጣችሁ፣ ሻይ ጠጣችሁ፣ ፊልም አየን። የት መኖር ትፈልጋለህ ያለኝ ግን የለም።"

"የት መኖር ትፈልጋለህ አባባ?" አለች እትዬ ቀስ ብላ።

"እሱ ጋ" አለ ጋሼን በአገጩ እያሳየ። "ደረጃ የለውም። በረንዳው መንገድ ዳር ነው፤ ሁለት የአውቶቡስ መስመር ያልፍበታል፤ ቁጭ ብዬ የሚነዱትን እየሰደብኩ እውላለሁ። ከሆስፒታል ስወጣ ይጠራኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳትጠራኝ ስትቀር ደግሞ ሚስትህ አልፈቀደች ይሆናል ብዬ ተውኩት።"

የጋሼ ፊት ቀላ። እንዲህ ሲሆን ያየችው ሚጣ በልጅነቷ ብቻ ነው። "እሷማ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የከረመችው" አለ በመጨረሻ። የሰልፉ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። "እኔ ነኝ። አላውቅበትም አባባ። አንተን እንዴት ብዬ... ልብስህን... ብጥልህስ? ሚጣ ነች የምታውቅበት።"

"ሚጣም አታውቅበትም ነበር። መጀመሪያ ቀን ሱሪዬን ገልብጣ ነው ያለበሰችኝ። ዚፑ ወደ ኋላ ሆኖ ሐኪሙ ፊት ቀረብኩ።"

"አባባ" አለች ሚጣ።

"ታዲያ ውሸት ነው?" አለና አሁን ወደሷ ዞረ። ፈርታው የነበረውን ፊቱን የግድ አየችው። ቅር ብሎታል፤ አልደበቃትም። "ትናፍቂኛለሽ። ያንቺ እጅ ሞቃት ነው፤ የሱ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ግን ሂጂ። ሳታማክሪን እሺ ለማለት ቆርጠሽ መጥተሽ የለ? ቆርጠሽ ከመጣሽ ወዲያ የኔን ፊት አትዪ።"

እትዬ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ ልማዷ ነውና። መድኃኒቱን እሷ በየሳምንቱ ሠፍራ እንደምታመጣ፣ ረቡዕና ቅዳሜ አብራው እንደምትውል ጻፈች። ጋሼ በረንዳው ጠርዝ ላይ መያዣ ብረት ያስፈልጋል አለ፤ ስለ ብረቱ ከሚገባው በላይ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ማንም አላቋረጠውም። ሚጣ የምታውቀውን ትነግራቸው ጀመር፤ ትራሱ ስንት እንደሆነ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚሞቅ። መናገሩ አላልቅ አላት።

በመሃሉ አባባ መደገፊያውን ወደራሱ ሳበ። "መታጠቢያ ቤት" አለ።

የሁሉም ዓይን ሚጣ ላይ አረፈ። ክፋት የለውም፤ እግር በለመደው መንገድ እንደሚሄድ ነው። የሷም እጅ ከማንም ሳይጠብቅ የወንበሩን ክንድ ተጭኖ ነበር። ከዚያ መልሳ ለቀቀችው፤ ተቀምጣ ቀረች። በዚህ ስድስት ሳምንት ከሠራችው ሥራ ሁሉ የከበዳት ይህ ነው።

ጋሼ ተነሳ። በማይሆነው በኩል ሄደ። በቀኝ ያዘው፤ የተሰበረው ደግሞ ቀኙ ነው። "በግራ" የሚለው ቃል ሚጣ ጥርስ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ዋጠችው።

"ዙርና በግራ" አለ አባባ። "ብብቴን ተወው፣ ያስቀኛል። ቀበቶዬን ያዝ።"

"እዚህ ጋ?"

"እዚያ ጋ። አሁን እኔ ስራመድ ተራመድ። አትጎትተኝ፤ ተማሪህ አይደለሁም።"

ሁለቱ ተያይዘው ኮሪደሩ ውስጥ ገቡ። የመደገፊያው እግር ወለሉን ሲመታ ይሰማል፤ ሚጣ ሳታስበው ትቆጥር ነበር። ሰባት ላይ ቆመ። ስምንትን ጠበቀች። እትዬ እጇን ያዘቻት።

"ይችላል?" አለቻት በሹክሹክታ።

ሚጣ "አይችልም" ልትል ነበር። አፏ ላይ ከመጣ በኋላ ነው ያየችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሁሉን ነገር እኔ ላይ ይጥሉታል እያለች በሆዷ ስትቆጣ፣ ያለኔ ምንም አይሆንላቸውም የሚለውን ደግሞ ከዚያው ከሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ስትወደው ኖራለች። ስምንት ተሰማ። ዘጠኝም ተከተለ።

"ይችላል" አለች፤ እንባዋም መጣ።

ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ነገር ወደቀ፤ ሳሙና ይሁን ኩባያ አልታወቀም። ወዲያው አባባ መሳቅ ጀመረ፤ ከደረቱ የሚወጣውን፣ እሷ ብቻ ልታመጣው የምትችል ይመስላት የነበረውን ሳቅ። ጋሼም ተከተለው። ሚጣ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ሁለቱ ያለሷ ረጅም ጊዜ ሳቁ።